የማሽን ዋስትና የሻጩ ስጦታ አይደለም፦ «ሻጭ እስከ የት ይጠየቅ?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሻጭ እስከ የት ይጠየቅ?» በሚል ርእስ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ጎንደር ውስጥ ወፍጮ፣ ዘይት መጭመቂያ፣ የብሎኬት ማሽንና የዳቦ መጋገሪያ ይዘን በምንሠራ ሰዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው ማሽነሪ አስመጥተው ወደ ክልል ከተሞች የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ዋስትና ሻጩ በፈቃዱ የሚጨምረው ነገር ነው፤ ገዢው ፈርሞ ከተረከበ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የራሱ ነው፤ ሻጭ ከተሰበረው ዕቃ ዋጋ በላይ ይጠየቅ ከተባለ ማሽን ወደ ጎንደር የሚልክ ሰው አይገኝም።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ካነሷቸው ነጥቦች እውነት የሆኑም አሉ፤ እነሱን እውነት ናቸው እላለሁ። ነገር ግን ከወንድሜ ጋር አዘዞ ላይ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ተክለን፣ በዚሁ በዋስትና ጉዳይ አንድ ሙሉ የሰሊጥ ወቅት አምልጦናል። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ ፕሮፎርማውን፣ ማለትም ሻጩ የሰጠውን የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ያየኋቸውን ወረቀቶች እያሰብኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ዋስትና ሻጩ ለደንበኛው የሚያደርገው ስጦታ ነው፤ ካልሰጠ የሚጠየቅ ነገር የለም» ይላሉ።

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በቁጥር 2287፣ የተሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ሻጩን ዋስ ያደርገዋል። «የዋስትና ወረቀት ሰጥቶ እንደሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ቁጥር 2289 ደግሞ ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ይዘረዝራል፦ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ ወይም ለንግድ ሥራ የሚያስፈልገው ጥራት ሲጎድለው፣ በውሉ በግልጽም ሆነ ከሁኔታው ለታሰበው ለተለየ አገልግሎት የማይበቃ ሲሆን፣ ይኖረዋል የተባለው ዓይነትና ልክ ሳይኖረው ሲቀር። ስለዚህ በደረሰኝ ብቻ የተገዛ ወፍጮ ዋስትና አለው። ዋስትናው ከሕጉ የመጣ ነው።

ታዲያ ያ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ምን ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ የሰጠንን ይቀንሳል። እስኪ የራሳችሁን አውጥታችሁ እዩት። «ለ12 ወር፣ ለፋብሪካ ስህተት ብቻ፣ መለዋወጫ ብቻ፣ የባለሙያ አበልና ትራንስፖርት ሳይጨምር» ካለ በኋላ መጨረሻው ላይ «ከዚህ ውጭ ሌላ ማናቸውም ዋስትና የለም» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ከባዱ መስመር ያ ነው። በሕግ የነበረንን ሰፊ መብት ወስዶ በጠባብ የሚተካው እሱ ነው። ተዋዋዮች ተስማምተው ዋስትናን ማጥበብ መቻላቸውን አልክድም፤ ጸሐፊው ግን ማጥበቢያውን «ስጦታ» ብለው ሲጠሩት አንባቢን ያሳስታሉ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወፍጮ ያለው አንድ ወዳጄ «ለእኔ እኮ ወረቀት እንኳ አልሰጡኝም» እያለ ያዝን ነበር። ወረቀቱን ከፈረምነው ከእኛ ይልቅ እሱ የተሻለ ቦታ ላይ እንዳለ ሳስረዳው ለማመን ተቸገረ።

«ፊርማ ፊርማ ነው። ሳያነብ የፈረመ ራሱን ይውቀስ።»

ግማሹ እውነት ነው። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ቁጥር 1731 ይናገራል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ ሌሎች ቁጥሮችም አሉት። ቁጥር 1686 እንደሚለው አንድ ነጋዴ ለሁሉም ደንበኛ የሚጠቀምበት አጠቃላይ የንግድ ሁኔታ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ወገን አውቆ ከተቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ካዘዘው ወይም ካጸደቀው ነው። ቁጥር 1738 ደግሞ አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቅጽ አጠራጣሪ ሲሆን ባዘጋጀው ሰው ላይ እንዲተረጎም ያዛል። በፕሮፎርማ ጀርባ ላይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የታተመ፣ ማንም ተርጉሞ ያላሳየን ዝርዝር «አውቀው ተቀበሉት» ለመባል ብዙ ይቀረዋል። እንደ ዳሽን ቢራ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ውል ሲፈርም ጠበቃና መሐንዲስ አስቀምጦ ሊደራደር ይችላል፤ አራት ሠራተኛ ያለው የብሎኬት ማምረቻ አይችልም። ሕጉም ይህን ልዩነት አይቶታል። ብቻ ከፊርማው በላይ «አንብቤ፣ ተረድቼ ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር ካለ ክርክሩ በጣም ይከብዳል፤ ሳይተረጎምላችሁ ያን መስመር አትፈርሙ።

«አሥራ ሁለት ወር በቂ ነው፤ ማሽን ጉድለት ካለበት በዓመት ውስጥ ያሳያል።»

እሺ፣ አሥራ ሁለት ወሩ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱትም። በእኔ እምነት ግን በማሽን ሽያጭ ውል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ገዢን የጎዳ ነገር የለም።

እኛ ሙሉውን ክፍያ ከፍለን ደረሰኝ የተቆረጠልን ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነበር። መጭመቂያው ያኔ ገና ጅቡቲ ነው። የጉምሩክ ጉዳዩ አልቆ፣ ሞጆ ላይ ተጭኖ አዘዞ የገባው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። መሠረቱ ኮንክሪት ተሞላ፣ ማሽኑ ተተከለ፣ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ) የመብራት መስመር ጠይቀን እስኪገባልን ነሐሴ ሆነ። መጭመቂያው ሰሊጥ አይቶ የዞረው መስከረም 2012 ሲያልቅ፣ አዲሱ ምርት ከመተማ መምጣት ሲጀምር ነው። ወረቀቱ «12 ወር ከሽያጩ ቀን ጀምሮ» ይላል። ስለዚህ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ሳይጨምቅ አሥሩን ወር በልቷል። ዋስትናው ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ፣ አዘዞ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነው ያለቀው።

ሌላም ነገር አለ። በርካታ የውጭ አምራቾች ለአስመጪው የሚሰጡት የተለመደ ዋስትና «ሥራ ከጀመረ 12 ወር ወይም መርከብ ላይ ከተጫነ 18 ወር፣ ቀድሞ የደረሰው» የሚል ነው። አምራቹ መንገድ እንዳለ፣ ወደብ እንዳለ፣ ተከላ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ስድስት ወር ይጨምራል። አስመጪው ያን ለራሱ ተቀብሎ ለእኛ ከደረሰኙ ቀን የሚቆጠር 12 ወር ሲሰጠን፣ ከላይ የተሰጠው ጊዜ መሀል ላይ ቀረ ማለት ነው። ሕጋችንም ቢሆን በቁጥር 2298 ገዢው ስለ ጉድለቱ የሚጠይቅበትን አንድ ዓመት የሚቆጥረው ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ደረሰኝ ስለተቆረጠበት ቀን የሚናገረው ነገር የለም።

ሻጮች ምን እንደሚፈሩ ይገባኛል። ገዢው ማሽኑን ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ «ዛሬ ነው ያስነሳሁት» ቢል ምን ይደረጋል? ለዚህ መልሱ ጣሪያ ማበጀት ነው። አሁን ለሚጠይቁኝ ሰዎች እንዲህ ብላችሁ አስገቡ እላቸዋለሁ፦ «የዋስትናው 12 ወር የሚቆጠረው ማሽኑ ተተክሎ፣ በሙሉ ጭነት ተሞክሮ የርክክብ ሰነድ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሆኖም ማሽኑ ጎንደር ከደረሰበት ቀን ከ20 ወር አይበልጥም፤ በጉድለት ምክንያት የቆመበት ጊዜና መንገድ ተዘግቶ ባለሙያ መምጣት ያልቻለበት ጊዜ አይቆጠርም።» የመጨረሻው ሐረግ በእኛ አካባቢ ለምን እንዳስፈለገ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

«ባልተፈቀደለት ሰው የተከፈተ ማሽን ዋስትናው ይሰረዛል» የሚለውን ጸሐፊው «በዓለም ሁሉ ያለ አሠራር» ብለውታል።

የእኛን ታሪክ ልጨርስና ፍረዱ። ማሽኑ ከተነሳ አምስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መንኳኳት ጀመረ፤ በማግስቱ ጠዋት ጭራሽ ቆመ። የዚያኑ ዕለት ደወልን። «ሰው እንልካለን» አሉን። ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። በብድር የገዛነው 60 ኩንታል ሰሊጥ መጋዘን ተቀምጧል፤ ለዘይቱም ለፋጉሎውም ቀብድ ተቀብለናል። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ከተማው ውስጥ በሙያው የተመሰከረለትን መካኒክ አምጥቶ ክዳኑን አስከፈተ። ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ተሰብሯል። የተሰበረው ደግሞ ቀድሞ በብየዳ ተያይዞ፣ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። አዲስ ተብሎ በተሸጠልን ማሽን ውስጥ የብየዳ ጠባሳ!

ፎቶ አንስተን ላክን። ከሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ የዋስትና ጊዜው አልፏል፣ ማሽኑም ባልተፈቀደለት ሰው ስለተከፈተ ከመጀመሪያውም ተሰርዟል።

እንግዲህ አስቡት። ሲቆም ጊዜው አላለፈም፤ ያለፈው ሰው እስኪልኩልን ስንጠብቅ ነው። መክፈታችን ሻፍቱን አልሰበረውም፤ ተሰብሮ ነው የከፈትነው። ባንከፍት ኖሮ ብየዳውን ማንም አያየውም ነበር። ማለትም አንቀጹ በዚያ ቃሉ ሲሠራ የሚጠብቀው የሻጩን ምስጢር ሆነ። ይህን የምለው ሁሉም ሻጭ እንዲህ ነው ብዬ አይደለም። አንቀጹ እንዲህ ለሚያደርግ ሻጭ በሩን ክፍት ይተወዋል ማለቴ ነው።

ጸሐፊው የሚያነሱት ስጋት እውነተኛ ነው፤ ያልተማረ እጅ ገብቶበት ተጨማሪ ጥፋት የደረሰበት ማሽን ብዙ አይቻለሁ። ነገር ግን ሁለቱን መለየት ይቻላል። ያልተፈቀደለት ሰው በመክፈቱ የመጣ ጉዳት ካለ፣ ለዚያ ጉዳት ሻጩ አይጠየቅ፤ ከመክፈቱ ጋር ላልተገናኘው ጉድለት ግን ይጠየቅ። ደግሞም ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሻጩ ባለሙያ የሚልክበት ቀነ ገደብ ይጻፍ፤ አምስት ቀን ይሁን፣ ሰባት ቀን። በዚያ ካልመጣ ገዢው በምስክር ፊት፣ በቪዲዮ እየተቀረጸ፣ የወጣውን ዕቃ እንዳለ አስቀምጦ ማስከፈት ይችል። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አላት፤ የገለልተኛ ባለሙያ አስተያየት የሚጻፍበት ሰው አይጠፋም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን፣ እኛ የተሳሳትንበትን ልናገር። «ገዢዎች ጉድለት ሲያገኙ በስልክ ይጮሃሉ እንጂ በጽሑፍ አያሳውቁም» ብለዋል። እውነት ነው። ሕጉ ገዢው ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ቁጥር 2291 እና 2292 ነው። እኛ ያሳወቅነው በስልክ ነበር። «ደውላችኋል እንዴ?» ሲባል የምናሳየው አልነበረንም። በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። ጠበቃ ጋ ሄደን መጀመሪያ የጠየቀን ያንን ነው፤ መልስ ስላጣን ክሱን ትተን ሻፍቱን በገንዘባችን አሠራን። ማሽኑ የቆመበትን ቀን፣ የታየውን ምልክትና የምትጠይቁትን የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ላኩ፤ በአደራ ፖስታም ይሁን ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው፣ ተጨማሪ ደግሞ በቴሌግራም። እኛ ያላደረግነው ይህን ነው።

«መብራት ያቃጠለውን ሞተር ሻጭ አይከፍልም።»

ቮልቴጁ የሻጩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የጎንደርን መብራት የማያውቅ ማሽን ሻጭ አገራችን ውስጥ አለ? ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲቋረጥ የሚዞር ሞተር በቀሩት በሁለቱ ላይ ከልኩ በላይ ይጎትትና ይቃጠላል። ይህን የሚከለክል ፌዝ ሲጠፋ የሚያቋርጥ ሪሌይና በትክክል የተስተካከለ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲጎትት የሚያቋርጥ ዕቃ) ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ነው። ያን ሳይገጥም «መብራት ካቃጠለው አልጠየቅም» የሚል ሻጭ፣ ለታወቀ ጎርፍ ድልድይ ሳይሠራ «ጎርፍ ከወሰደው የለሁበትም» እንደሚል ሥራ ተቋራጭ ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የሞተር መለኪያ፣ ቁጥር 60034፣ ሞተር ከተጻፈበት ቮልቴጅ 5 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢል ያለማቋረጥ ሥራውን መሥራት እንዲችል፣ እስከ 10 በመቶ ደግሞ የአሠራሩ ብቃት ቢቀንስም እንዲዞር ይጠብቃል። ስለዚህ በ380 ቮልት ሞተር ላይ ከ342 እስከ 418 ባለው ውስጥ የተቃጠለውን ሁሉ «መብራት ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም። ቁጥሮቹ ውሉ ውስጥ ይግቡ፤ የመከላከያ ዕቃዎቹም በሻጩ ይገጠሙ፤ ከዚያ ወዲያ ከልኩ ያለፈ ቮልቴጅ ቢያቃጥለው ጉዳቱ የገዢው ይሁን። ይህ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ደግሞ ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ያው መለኪያ ሞተር የሚሠራበትን የተለመደ ሁኔታ የሚያስቀምጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ጭነቱ መቀነስ ወይም ከፍ ያለ ሞተር መመረጥ አለበት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተርማ በግምት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ኃይል ይጥላል፤ «100 ኬቪኤ» ተብሎ የተገዛው ጎንደር ላይ ወደ 80 ገደማ ይወርዳል። መተማ ወርዳችሁ ብትተክሉት ከፍታው ችግር አይሆንም፤ በዚያ ደግሞ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለጎንደር ብሎ የሸጠ ሰው ማሽኑ በጎንደር ሁኔታ እንዲሠራ ዋስ ነው፤ ቁጥር 2289 «ለተለየ አገልግሎት» የሚለው ይህን ይመስለኛል። በውሉ ላይ ግን «የሚተከልበት ቦታ፦ ጎንደር፣ ከፍታ 2,100 ሜትር» የሚል አንድ መስመር ካስገባችሁ ጭቅጭቁ ይቀራል።

«ሻጭ ከተሰበረው ዕቃ ዋጋ በላይ መጠየቅ የለበትም» ለሚለው መልሴ ቀጥተኛ «አይደለም» አይደለም።

ገደብ የሌለው ኃላፊነት ትንሽ አስመጪን እንደሚያጠፋ እቀበላለሁ። አንድ መጭመቂያ ሸጦ የአንድ ከተማ የዘይት ገበያ ኪሳራ ይሸከም የሚል የለም። ሕጉም ቢሆን በቁጥር 1799 የሚያስከፍለው እንዲህ ያለ የውል ጉድለት በተለመደው ሁኔታ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ነው፤ ሻጩ ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ ያውቅ ከነበረ ደግሞ በቁጥር 1801 መሠረት ከዚያ ለበለጠውም ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ «ይህ ማሽን የሚገዛው ለሰሊጥ ወቅት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢቆም የወቅቱ ሥራ ያልፋል»። ያንን ያየ ሻጭ በኋላ «አላወቅሁም» አይልም።

የቁጥር 1887 ነገርስ? ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን መወሰን፣ ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር እንደማይጠየቁ መስማማትም ይችላሉ ይላል። ጸሐፊው ይህን ለሻጭ ሙሉ ነፃነት አድርገው አቅርበውታል። እኔ ሳነበው «ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር» የሚለው ሐረግ ቦታ አለው። የተበየደ ሻፍት ቀለም ቀብቶ «አዲስ» ብሎ መሸጥ ጥፋት ነው፤ እያወቁ ከሆነ ደግሞ ማታለል ነው። ለዚያ የሚሆን ገደብ ማንም ሊጽፍ አይገባውም።

ደግሞ የገደቡ ልክ ራሱ መታየት አለበት። የተሰበረው ሻፍት ከማሽኑ ዋጋ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም ነበር። ኃላፊነቱ በተሰበረው ዕቃ ዋጋ ከተገደበ ትንሿ ዕቃ በተሰበረች ቁጥር ሻጩ ምንም አልደረሰበትም ማለት ነው፤ የእኛ ዕዳ ግን ወለድ ይቆጥራል። ልኩ ቢያንስ የማሽኑ ሙሉ ዋጋ ይሁን፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የተቆረጠ መቀጫ ይኑር፤ ጥገናው ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ ማሽኑ ተመልሶ ገንዘቡ ይመለስ።

«ሠራተኛ ቢጎዳ የአሠሪው ጉዳይ ነው» የሚለውን ሳነብ በጣም አዘንኩ።

በሕግ ረገድ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሠሪው መሆኑ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ደግሞ የማሽን ባለቤት ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። እኛም ከዚህ መሸሽ የለብንም። ነገር ግን ጉዳዩ በዚያ አያልቅም። ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ቁጥር 2085 ነው። ከዚህ የሚድነው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ነው። ይህ ቁጥር የውጭ ፋብሪካን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አሉ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የብሎኬት ማሽን፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የወፍጮ ማስቀመጫ እየበየዱ የሚሸጡ ወንድሞቻችንም አምራቾች ናቸው። ቺንጋው (ማዞሪያ ቀበቶው) ላይ መከለያ ሳትበይዱ ማሽን ከግቢ አታስወጡ።

በሻጭና በገዢ መካከል የተጻፈ ገደብ ደግሞ እጁን ቺንጋ የያዘበትን ልጅ አያስረውም፤ ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው፣ ቁጥር 1952። እሱ ምንም አልፈረመም። ስለዚህ «በማናቸውም ሁኔታ በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት አንጠየቅም» የሚለው መስመር የሚሠራው ገዢው ለተጎዳው ከከፈለ በኋላ ከሻጩ እንዳያስመልስ ለማድረግ ብቻ ነው። መከለያ ሳይኖረው ወይም የአደጋ ማቆሚያ ቁልፉ ሳይሠራ በቀረበ ማሽን ላይ ያን መስመር አትፈርሙ። ዋጋ ቢቀንሱላችሁም እንኳ አትፈርሙ።

ሁለት ነገር በፍጥነት ላንሳ። ጸሐፊው «ገዢው ቅር ካለው የሸማቾች ሕግ አለለት» ብለዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛን አይደለም። ዘይት መጭመቂያ የገዛ ሰው በዚያ በር አይገባም፤ ያለው የሽያጭ ሕጉና ውሉ ነው። በዚህ ተስፋ አድርጎ ውሉን ሳይደራደር የሚፈርም እንዳይኖር ነው የምጽፈው።

ሌላው በሊዝ፣ ማለትም በኪራይ መልክ፣ የምትገዙ ናችሁ። የልማት ባንክም ሆነ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት ማሽኑን ሲገዛላችሁ ከአቅራቢው ጋር የሽያጭ ውል የሚፈርመው እሱ ነው። ማሽኑ ሲቆም አቅራቢው «ውሌ ከእናንተ ጋር አይደለም» ሊላችሁ ይችላል፤ ኪራዩ ግን አይቆምም። ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩ የዋስትና መብቱን በጽሑፍ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁ፤ ርክክቡ ላይም ራሳችሁ ተገኝታችሁ በጭነት ሲሞከር ሳታዩ አትፈርሙ።

የመጨረሻ ነጥባቸው «ይህ ሁሉ ዋስትና ይጨመር ከተባለ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ነው። ይጨምራል። በዚህ አልከራከራቸውም፤ ባለሙያ ወደ ጎንደር መላክ፣ መለዋወጫ መጋዘን ማስቀመጥ፣ ሪሌይ መግጠም ገንዘብ ነው። እኔ የምጠይቀው ዋጋው እንዲታይ ነው። በዚያው ፕሮፎርማ ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፍ፤ አንዱ አሁን ባለው ወረቀት፣ ሌላው ከርክክብ ቀን የሚቆጠር 12 ወር፣ በሰባት ቀን ውስጥ የሚደርስ ባለሙያና በማሽኑ ሙሉ ዋጋ የተገደበ ኃላፊነት ያለበት። ኅዳር 2011 ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊታችን ቢቀመጥ ኖሮ ወንድሜም እኔም ሁለተኛውን እንፈርም ነበር፤ ልዩነቱ ከማሽኑ ዋጋ አሥር በመቶ እንኳ ቢሆን፣ መጋዘን ውስጥ ከከረመው 60 ኩንታል ሰሊጥ ያንስ ነበር።